ለሐኪም የዋሸሁት፣ ለካህን ያሳጠርኩት

ባለቤቴ ኃይሉ የሞተው በሳንባ ነቀርሳ፣ ሰው ቲቢ በሚለው በሽታ ነው። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ «ልቡ ነው» ብዬ ነበርና። ድንኳኑ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም፤ አርባው ሲደርስ ራሴም ላምነው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አሁን ድኛለሁ። ስለ መዳን የሚጻፍ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በምስጋና ይጀምራል፤ እኔም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ምስጋናዬ ውስጥ ብዙ መራራ ነገር አለ፤ እሱን ትቼ ጣፋጩን ብቻ ብጽፍ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ቤቷ ውስጥ የሚያስል ሰው ይዛ ጎረቤት ምን ይለኛል የምትል አንዲት ሴት ካለች ለእሷ ነው የምጽፈው።

ኃይሉ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ነበር የሚሠራው። ወደ ውጭ የሚላክ ሥጋና አበባ ከሚቀመጥበት ቀዝቃዛ መጋዘን ሲገባና ሲወጣ ይውላል። ሳሉ ሲጀምረው «ብርዱ ነው» አለ፤ እኔም ብርዱ ነው አልኩ። አንድ የግል ክሊኒክ አክታውን ሲመረምረው ግን ብርድ አልነበረም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ በሽተኛው በየቀኑ እየሄደ ባለሙያ ፊት ይውጣል፤ ጠቅላላው ስድስት ወር ነው። ገርጂ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም እስከ ጤና ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን የጎረቤታችን ልጅ ሰላም እዚያ ነርስ ናት።

«እዚህማ አትሄድም» አልኩት።

«ታዲያ የት ልሂድ?»

«ሰው የማያውቅህ ቦታ።»

«አንቺ ሴት፣ እኔ እኮ የታመምኩ እንጂ የሰረቅኩ ሰው አይደለሁም» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳል አቋረጠው።

ከመገናኛ ማዶ ወዳለ ሌላ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ አደረግሁ። እሱ ፈረቃው የሚገባው በጠዋት ነው። ሁለት ታክሲ ይዞ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ መድኃኒቱን ውጦ፣ ተመልሶ ቦሌ በሰዓቱ መድረስ አልቻለም። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ዘለለ፤ ቀጥሎ ሁለት ቀን። በሁለተኛው ወር ሳሉ ጠፋ፣ ፊቱ ሞላ፤ በቃ ድኛለሁ ብሎ አቋረጠ። እኔም እሰይ አልኩ። ማንም ሳያውቅ አለፈ አልኩ።

መስከረም ላይ ተመለሰበት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ የሳንባውን ፎቶ እያዩ እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። መድኃኒት እንደገና አስጀምረውት ወደ ቤት ሲመልሱን ለእኔ ለብቻዬ «የቤቱ ሰው ሁሉ ይመርመር፤ የሚያስታምመውም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ማንንም አላስመረመርኩም። ኅዳር ላይ ሞተ።

የእኔ ሕመም የጀመረው በየካቲት፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል፤ ጥልቅ ትንፋሽ ስወስድ ይብሳል። ወደ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለኛል፣ አንሶላው በላብ ይርሳል። ሳል ግን እምብዛም አልነበረኝም። ለሐዘን የገዛሁት ጥቁር ቀሚስ ትከሻዬ ላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተት ጀመር። ያየኝ ሁሉ «ሐዘን ነው፣ ጾሙም አለበት፣ አይዞሽ» ይለኛል። ስለ ሰው ሞት የዋሸ ሰው የራሱን ሕመም የሚረዳለት አያገኝም፤ ሐዘን ነው ሲሉኝ አዎ እላለሁ።

የሄድኩበት የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን አይቶ ታይፎይድ ነው አለኝ። የታዘዘልኝን ውጬ ጨረስኩ፤ ትኩሳቱ አልሄደም። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለኝ። እዚያ ሰውን በጸጥታ የሚያስቀምጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር፤ የምግብ አሠራር ሲያሳይ እኔ ጎኔን ይዤ ሽንኩርት ሲቁላላ አያለሁ። የተቀመጥኩበት ወንበር መደገፊያ አልነበረውም። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ወጣት ከነልጇ ተነስታ ግድግዳ ያለበትን ቦታ ለቀቀችልኝ። «ይደገፉ፣ እናቴ» ብቻ ነው ያለችኝ። በዚያ ሁሉ ወራት ምንም ሳልዋሻት ደግ የሆነችልኝ እሷ ብቻ ስለነበረች ይሆናል፣ እስከ ዛሬ መልኳን አልረሳሁትም።

ሦስተኛው ሐኪም ጠያቂ ነበር። ልጄ ሜሮን አጠገቤ ተቀምጣለች።

«በቤት ውስጥ በቲቢ የታመመ ወይም ብዙ ጊዜ ያሳለ ሰው ነበር?»

«የለም።»

«ባለቤትዎ በምን ነው ያረፉት?»

«ልቡ ነው።»

ሐኪሙ ጻፈ። ሜሮን እጄን ያዘች፤ የአባቷን ሞት ስላነሱብኝ አዝናልኝ ነው። እሷም ልቡ ነው ብላ ታምን ነበር። የነርቭና የሐዘን ጭንቀት ነው ተብሎ የእንቅልፍ ክኒን ታዘዘልኝ፤ እኛም ተነስተን ወጣን።

አሁን ስለ ንስሐ ልጻፍ፤ ሕመሜ ያለ እሱ አይነገርምና።

የእኛ ቤተሰብ የንስሐ አባት መምሬ ናቸው፤ ስማቸውን እዚህ አልጠቅስም። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ቤታችን መጥተው ጠበል ይረጫሉ። ተሰልፈን እንንበረከካለን፤ «በማወቅ ባለማወቅ የሠራነውን ይፍቱን» እንላለን፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ይላሉ፤ ምሳ ይቀርባል። ሃያ ዓመት ንስሐ የምለው ይህን ነበር። ኃይሉ ከሞተም በኋላ በጾሙ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ያንኑ አልኳቸው። በማወቅ ባለማወቅ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩ። ከዚያ ቀኖና፣ ማለትም የንስሐ ቅጣት፣ ከበድ አድርገው እንዲሰጡኝ ለመንኩ። በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ።

ሰገድኩ። ስጎነበስ ጎኔ ይቀደዳል፤ ስነሳ ትንፋሽ ያጥረኛል። እናም፣ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ደስ ይለኝ ነበር። ባመመኝ ቁጥር የነጻሁ ይመስለኛል። ስለ ሕመሜ ለመምሬ አልነገርኳቸውም፤ ቢያውቁ ስግደቱን ይቀንሱብኛል ብዬ ፈራሁ። ጉልበቴን እየቀጣሁ ምላሴን አተርፍ ነበር።

ግንቦት ላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቴ ደረጃውን መውጣት አቃተኝ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሜሮን ስታገኘኝ «እማዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄ ሐዘን አይደለም» አለችኝ። በማግስቱ መኪና ጠርታ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። እኔ ነኝ ሆስፒታል ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ያልኳት፤ ስግደቱን አልቻልኩም ብዬ ላስቀይር ነበር የፈለግሁት። ሜሮን መኪናው ውስጥ ቀረች። መምሬን ከቅጥሩ ጥግ፣ ዛፍ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ አገኘኋቸው። አይተውኝ ደነገጡ።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?»

«አሞኛል፣ አባቴ። ስግደቱን ወደ ጸሎት ይቀይሩልኝ ብዬ ነው።»

«ለየትኛው ኃጢአት ነበር የሰጠሁሽ?»

«ያው፣ በማወቅ ባለማወቅ…»

«ቆይ» አሉ እጃቸውን አንስተው። «ያላወቅሽውን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ለእሱ አትጨነቂ። ያወቅሽውን ንገሪኝ።»

 አላጣደፉኝም፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ነገርኳቸው። በሽታው ምን እንደነበር፣ ሩቅ ጤና ጣቢያ የላክሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ማቋረጡን ሳውቅ ዝም ማለቴን። ከዚያ የቀረውን ነገርኳቸው፤ እሱም የዘነበች ነገር ነው።

ዘነበች የኃይሉ ታናሽ እህት ናት። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ካፌ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ወንድሟ በመጨረሻ ሲተኛ፣ ከሥራ እየወጣች አምስት ሳምንት አስታመመችው። በእጇ ታጎርሰዋለች፤ የተረፈውን ራሷ ትበላለች፤ አልጋው ሥር ፍራሽ አንጥፋ ታድራለች። እኔ በዚያው ሰሞን ሜሮንን «ጸጥ ብለሽ ለፈተና አጥኚ» ብዬ አያት ሰፈር፣ እህቴ ቤት ልኬያታለሁ። የራሴን ልጅ ከትንፋሹ አሸሸሁ፤ የእሱን እህት ግን «ዘኒዬ፣ ተባረኪ፣ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» እያልኩ አስገባኋት። አውቄ ነው። ከማወቄም ብዛት መስኮቱን ቀስ ብዬ እከፍት ነበር፤ ምክንያቱን አልነግራትም።

መምሬ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚያጽናና ነገር ጠበቅኩ።

«ስግደቱ ቀርቷል» አሉ። «ከዚህ ተነስተሽ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ፤ ለእኔ የነገርሽኝን ትነግሪዋለሽ። ከዚያ ዘነበች ቤት ትሄጃለሽ።»

«አባቴ፣ ስግደቱ ይሻለኛል።»

«እንደሚሻልሽ አውቃለሁ። ለዚያ ነው የከለከልኩሽ።»

«ለእግዚአብሔር ተናግሬያለሁ እኮ። አይበቃም?»

«እግዚአብሔር አክታውን መመርመር አያስፈልገውም፤ ዘነበችን ግን ያስፈልጋታል» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተቆጥቶ ነበር። «እኔ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም፤ አፌ የታሰረ ነው። ያንቺን አፍ ግን ማን አሰረው? ሂጂ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አላሉኝም። ስትመለሺ ነው አሉኝ።

በዚያው መኪና ሆስፒታል ሄድን። መንገድ ላይ ለሜሮን ነገርኳት። መስኮቱን እያየች «አያት የላክሽኝ ለዚህ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ሾፌሩ የከፈተውን መዝሙር ድምፅ ከፍ አደረገው። የሰማ ይመስለኛል።

ሐኪሟ ከሜሮን ብዙም የማትበልጥ ልጅ ነበረች። ባለቤቴ በቲቢ እንደሞተ፣ መድኃኒት እንዳቋረጠ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ራጅ አስነሳችኝ፤ በቀኝ ሳንባዬ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል። ከጀርባዬ በመርፌ ቀዱት፤ ገለባ የተዘፈዘፈበት የሚመስል ቢጫ ውሃ ነው። ሳንባን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በቲቢ ሲያዝ እንዲህ እንደሚሆን፣ ሳል ላይኖረው እንደሚችልም አስረዳችኝ። ኃይሉ ስላቋረጠ በሽታው መድኃኒት የለመደ እንዳይሆን ሰግታ ሌላ ምርመራ አዘዘች፤ አልለመደም ነበር። የማይገባኝ ምሕረት ከተባለ ያ ነው።

«ይህን ከሦስት ወር በፊት ተናግረው ቢሆን ኖሮ እኮ» ብላ ጀምራ ተወችው።

ሜሮን ተመረመረች፤ ነጻ ናት። እኔ መድኃኒቴን ሰፈሬ ካለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያችው ከፈራኋት ከሰላም እጅ መውሰድ ጀመርኩ። የቲቢ ታካሚ የሚቀመጠው ውጭ፣ ነፋስ ያለበት አግዳሚ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ስቤ ተቀመጥኩ። ሰላም ክኒኖቹን መዳፌ ላይ ቆጥራ አስቀመጠች።

«ሽንትዎ ቀይ ይሆናል፤ እንዳይደነግጡ፣ መድኃኒቱ ነው» አለችኝ። ካርዴ ላይ የተጻፈውን አንብባ ነበርና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ኃይሉም የታመሙት በዚሁ ኖሯል እንዴ? ምነው እዚህ በመጡ! ፈረቃ ላላቸው እኮ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ነው የምሰጣቸው።»

ውሃውን ጠጥቼ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ያለቀስኩት ለቅሶ በድንኳኑ ካለቀስኩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሰላም ስለ እኔ ለሰፈር ሰው አንዲት ቃል አላወጣችም። ለእናቷ እንኳ አልነገረችም።

ዘነበች ቤት ለመሄድ ግን አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። አልበረታሁም እል ነበር። እውነቱ፣ ውሃው ከተቀዳ በኋላ በሦስተኛው ቀን መሄድ እችል ነበር። ቡልቡላ የተከራየችው አንድ ክፍል ነው። እንደደረስኩ ዘላ አቀፈችኝ።

«እታለም! እንዴት መነመንሽ! እኔ ልመጣ ስል ይሄ ጉንፋን አልለቅ ብሎኝ» አለችና ፊቷን አዙራ ሳለች።

ሳሉን አወቅሁት። የኃይሉ ሳል ነበር።

ቆሜ ነገርኳት፤ ብቀመጥ አልናገርም ብዬ ነው። «ወንድምሽ የሞተው በልብ አይደለም፤ በቲቢ ነው። ደብቀን ነበር። ነገ ተመርመሪ» አልኩ። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«በዚያ ሰሞን ሜሮን ለፈተና ነው የሄደችው አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ለፈተና አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ሌላ ነገር የምትጠይቅ መስሎኝ ጠበቅኩ። ተነሳችና በሩን ከፈተች። «ውጪልኝ» አለች።

አክታዋ ላይ በሽታው ተገኘ። ካፌው በበሽታዋ ምክንያት አሰናበታት፤ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ከወሰደች በኋላ እንደማታስተላልፍ የሚገልጽ ወረቀት ብታመጣም አልተቀበሏትም። ሥራ ስታጣ ክፍሏን ለቃ ገርጂ ዘመድ ቤት ተጠጋች፤ መድኃኒቷም ወደ ሰላም ተዛወረ። እንግዲህ በየጠዋቱ አንድ አግዳሚ ላይ ነበርን፤ እኔ በአንዱ ጫፍ፣ እሷ በሌላው።

ወደ መምሬ ተመልሼ ሄድኩ። ፈቱኝ። በመጽሐፍ ያነበብኩት፣ በስብከትም የሰማሁት፣ ንስሐ የገባ ሰው ሸክሙ ይቀላል የሚል ነው። እኔን አልቀለለኝም።

«ተናገርኩ፤ እሷ ግን ዓይኔን ማየት አልፈለገችም» አልኳቸው።

«ይቅር እንድትልሽ አይደለም የላክሁሽ። እንድትድን ነው» አሉኝ። «የእሷ ይቅርታ የእሷ ነው። አትለምኛት፤ አታስቸግሪያት። በየቀኑ በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጪ፤ ቀኖናሽ ያ ነው።»

ያን ጊዜ ጨካኝ መስለውኝ ነበር። አሁን የሚገባኝ ይመስለኛል። እኔ አዲስ ሰው መሆን ማለት የድሮው ተግባሬ መጥፋት ነው ብዬ ነበር የምጠብቀው። ተግባሬ ግን በየጠዋቱ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያስላል። የተለወጠው እኔ ከዚያ አለመሸሼ ብቻ ነው። በየቀኑ «እንደምን አደርሽ» እላታለሁ፤ አትመልስልኝም፤ በማግስቱም እላታለሁ። ቀስ በቀስ ሳሏ ቀነሰ። ፊቷ ሲሞላ ከሩቅ አይቼ በልቤ ተመስገን እላለሁ። እኔም ኪሎዬ ተመለሰ፤ ደረጃውን ሳላርፍ መውጣት ቻልኩ።

የእኔ ስድስት ወር ያለቀው ኅዳር ላይ ነው። ሰላም የመጨረሻውን ክኒን ሰጥታኝ «እንኳን ደስ ያለዎት» ስትል ዘነበች ሰማች። የሷ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«አልማዝ።»

እታለም ነበር የምትለኝ፤ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

«ደብቀን ነበር ነው ያልሽኝ። አንቺና ማን?»

 በዚያን ቀን ቡልቡላ «ደብቀን» ስል ያመለጠኝ ቃል አልነበረም። ግማሹን ለኃይሉ ላሸክመው ነው። ለመምሬ እንኳ ይህችን አልነገርኳቸውም ነበር። አሁንም ሁለታችን ነን ብላት የሚመሰክርብኝ የለም፤ ሰውየው መቃብር ውስጥ ነው።

«እኔ ብቻ ነኝ» አልኳት። «እሱ ሊነግርሽ ፈልጎ ነበር። አንቺ ማደር የጀመርሽ ሰሞን "ለዘኒ ልንገራት፣ ኃጢአት ነው" አለኝ። ከነገርካት ሜሮንን ይዤ እሄዳለሁ ብዬ አስማልኩት። ትዝ ይልሽ እንደሆን ከእጅሽ አልጎርስም ብሎ ፊቱን ያዞር ነበር። አንቺ ምግብ ስላስጠላው መስሎሽ ነበር።»



«መቃብሩ ጋ ሄጄ አላውቅም» አለች ዘነበች፤ የምትነግረው ለእኔ አይመስልም። «ወንድሜ እያወቀ ገደለኝ ብዬ፣ ይኸው ስድስት ወር ረገምኩት።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና አለቀሰች። እጄን ልዘረጋ አስቤ መለስኩት። ሰላም ከውስጥ ስሟን ጠራች፤ ተነስታ ገባች፤ መድኃኒቷን ውጣ በአጠገቤ አልፋ ወጣች።

የኃይሉን ሙት ዓመት ዘነበች በተጠጋችበት ቤት አወጣችለት። ሜሮንን ጠራቻት፤ እኔን አልጠራችኝም። ሜሮን ማታ ስትመለስ ተቆጥታ ነበር። ጸሎቱ እንዳለቀ ዘነበች ተነስታ፣ ወንድሜ የሞተው በቲቢ ነው፣ እኔም ይዞኛል፣ ከእሱ ጋር የሠራችሁ ተመርመሩ ብላ ለሰዉ ሁሉ ተናገረች። ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተነገረንም ብሎ ሲጠይቅ፣ ሚስቱ አልማዝ ደብቃን ነው አለች።

«በሰው ሁሉ ፊት፣ እማዬ! ስምሽን ጠርታ!» አለችኝ ሜሮን።

«እውነቷን ነው» አልኳት። «ስንቶቹ እንመረመራለን አሉ?»